አንድ ቁጥር ሁለት ሰው

ጠዋት ቁጥሮቹ አንድም ሳይዘሉ ተከታትለው ሲወጡ፣ በጥርስ ክሊኒኩ መግቢያ ተቀምጣ ተራ የምትሰጠው እናት ደስ ብሏት ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሌላ ቀን እንዲህ አይደለም። ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ተራ የሚይዝ ሰው መሃል ስለሚገባ፣ አራትን ከሰጠች በኋላ ስድስት ይወጣላታል። ዛሬ ግን እንደ ዶቃ ተደርድሮ መጣ። «እሰይ፣ ዛሬስ በስልክ የሚይዝ የለም» ብላ አለፈችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ምርመራ ሊጀመር «አንድ ቁጥር!» ብላ ስትጣራ ሁለት ሰው ተነሣ። አንዷ ወረቀት የያዘች አስተማሪ፤ ሌላው ጉንጫቸው እንደ ዳቦ የተነፋ ሽማግሌ፣ ስልካቸውን እንደ መታወቂያ ከፍ አድርገው።

«አንድ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ደርሶኝ፣ ዕድሌ ተነሣ ብዬ ምሳዬን ሳልበላ ነው የመጣሁት!»

«ጋሼ፣ እኔ ገና በሩ ሳይከፈት እዚህ ነበርኩ» አለች አስተማሪዋ።

እናት ወረቀቱንም ስልኩንም አየች። ሁለቱም አንድ። ሁለት ቁጥርን ጠራች፤ ሁለት ሰው። ሦስትን መጥራት ፈራች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

የተራ ፕሮግራሙን የሠራችው የገዛ ልጇ ናት፤ ከትምህርት ከወጣች የመጀመሪያ ሥራዋ። ዶክተሩ «አንድ ሳምንት እንሞክረው፤ ከተምታታ ወደ ወረቀት መዝገባችን እንመለሳለን» ብለው ነበር። ዛሬ ደግሞ የሳምንቱ መጨረሻ፣ ዓርብ።

ደወለች። «ነይ!»

«ምን ሆነ እማ?»

«ነይ አልኩሽ እኮ!»

ልጅቷ ላፕቶፗን አቅፋ እያለከለከች ደረሰችና እናቷ ጎን ተሸጎጠች።

«ትናንት ነካክተሽዋል?»

«አልነካካሁትም። ለሁለት ከፈልኩት እንጂ።»

«ምኑን?»

«ሰርቨሩ ላይ ያለውን ኮድ። እስከ ትናንት ሁሉም አንድ ጥቅል ነበር። ረቡዕ የስልኩ ገጽ ሲበላሽ ያንቺም አብሮ ቆሞ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስትራገሚኝ አልነበር? ስለዚህ ሁለት ጥቅል አደረግኩት፤ አንዱ ለስልኩ፣ አንዱ ላንቺ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲሠራ። ሁለት ባላ ትከል የምትይው አንቺው አይደለሽ?»

«ባላ ትከዪ አልኩ እንጂ ሕዝቡን መንታ አድርጊልኝ አልኩሽ?»

ልጅቷ ኮዱን ወደ ታች ስታንሸራትት ቆየችና ግንባሯን ያዘች። «ቆጣሪው።»

«ቆጣሪው ምን?»

«ተራ የሚቆጥረው ክፍል ለሁለቱም ያስፈልጋል። ስከፍለው እያንዳንዱ ጥቅል የራሱን ቅጂ ይዞ ሄደ። ያንቺው ለብቻው ከአንድ ይጀምራል፣ የስልኩም ለብቻው ከአንድ ይጀምራል።»

«እና ሳትሞክሪ ሰጠሽኝ?»

«ሞክሬዋለሁ! ያንቺን ሞከርኩ፣ ሠራ። የስልኩን ሞከርኩ፣ ሠራ።»

«አንድ ላይስ?»

ልጅቷ እንደገና ወደ ኮዱ አቀረቀረች።

«ሁለት ሰው ከአንድ ደብተር ሲቆጥር ነበር። አንቺ ደብተሩን ገልብጠሽ ለየራሳቸው ሰጠሻቸው። ይኼን ለማወቅ አራት ዓመት መማር ያስፈልጋል?»

«እማ፣ በእናትሽ!»

ዶክተሩ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ብቅ አሉ። «እትዬ፣ ምንድን ነው ጫጫታው?»

እናት ለመዋሸት አፏን ከፈተች፤ ግን በዕድሜዋ ዋሽታ የተሳካላት ቀን የለም። «ሁለት ሁለት ሰው አንድ አንድ ቁጥር ይዟል፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ከመደርደሪያው ወፍራሙን መዝገብ አውርደው ጠረጴዛዋ ላይ ዱብ አደረጉት። «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሁሉም ከታየ ምንም አልሰማሁም። አንድ ሰው ሳይታይ ከሄደ ግን ሰኞ በዚህ ትጀምሪያለሽ።»

ደግነቱ እያንዳንዱ ሰው ተራ የያዘበት ሰዓት ተመዝግቧል። ልጅቷ ሁሉንም በየሰዓታቸው አሰልፋ አንድ ዝርዝር አወጣች፤ እናት አዲሱን ቁጥር በእስክሪብቶ እየጻፈች አደለች። በስልካቸው ዘግየት ብለው የያዙት ሽማግሌ አሥራ አንደኛ ሆኑ።

«ከአንድ ወደ አሥራ አንድ? እኔ የመጣሁት ጥርሴን ላስነቅል ነው፣ ቀልቤን አይደለም!» ብለው በሩን በርግደው ወጡ።

እናት ወንበሯን ገልብጣ ተከተለች። አስፋልቱ ዳር ደረሰችባቸው። «ጋሼ፣ በሞቴ!»

«የምሞተው እኔ፣ የምትምዪው አንቺ!»

«የተሳሳተችው ልጄ ናት። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። እርስዎ ከሄዱ አበቃላት።»

«ልጅሽ ናት? ታዲያ አትቆጫትም?»

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሌላ ምን ሠራሁ?»

ሽማግሌው ሊስቁ ጀምረው ሕመሙ ከለከላቸው። «እሺ። ወደ ኋላ መቁጠር ከተጀመረማ የመጨረሻ አድርጊኝ!» አሉ። ተመልሰው በእልህ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ቢለምኗቸውም ተራቸውን አልወስድ አሉ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ልጅቷ ቆጣሪውን ከሁለቱም ጥቅሎች አውጥታ፣ ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ቦታ ስታስቀምጥ፣ እናት በአንድ ዓይኗ ተራ እየጠራች በሌላው የሽማግሌውን እግር ስትጠብቅ ዋለች። በተንቀሳቀሱ ቁጥር ነፍሷ ትወጣለች። አንዴ ብድግ ሲሉ እሷም ብድግ አለች፤ ለካ ውሃ ሊጠጡ ነው።

ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ገቡ። ሲወጡ አፋቸው ደንዝዞ መናገር አልቻሉም፤ ልጅቷን አይተው አንድ ጣታቸውን ቀሰሩባትና ሄዱ። ዛቻ ይሁን ቁጥራቸው አልታወቀም።

ዶክተሩ ነጭ ጋዋናቸውን ሰቅለው ሲወጡ መዝገቡን ከጠረጴዛው አንሥተው ወደ መደርደሪያው መለሱት። «ደህና እደሩ» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

እናት ቦርሳዋን አልያዘችም። «በዪ፣ አሁን አንድ ላይ» አለች።

እሷ ከጠረጴዛዋ ኮምፒውተር ላይ ተጫነች፤ አንድ ወጣ። ልጅቷ ከስልኳ ተጫነች፤ ሁለት። እናት እንደገና ተጫነች፤ ሦስት። ሁለትን ዘሎላታል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸውና፣ «ድገሚው» አለች። አምስት ጊዜ ደገሙት።

«በቃ እማ፣ እግዜር ያሳይሽ!» ልጅቷ ሙከራዎቹን አጠፋችና ላፕቶፗን ዘጋች።

መብራቱን አጥፍተው ወጡ። እናት ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረች፣ እጀታውን ሳበች፣ እንደገና ሳበች።

«ተቆልፏል» አለች ልጅቷ።

«አንቺም ያዢው።»

ልጅቷ ተንፍሳ ያዘች። አንድ ላይ ሳቡት። በሩ አልተነቃነቀም።