ከዛፉ ሥር የሚጠረገው ቅጠል

በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከትልቁ ዛፍ ሥር የተተከለው ሁሉ ለሦስተኛ ጊዜ ደረቀ። አትክልተኛዋ ቁጢጥ ብላ ፈርን የሚባለውን ባለ ለስላሳ ቅጠል ተክል ስትነካው እጇ ላይ ተፈረከሰ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እንቅጩን ነግሯታል፤ ቀጥሎ የምትተክለውም ካልያዘ ቦታው በሲሚንቶ ይለበጣል፣ እሷም ሌላ ሥራ ትፈልግ።

«ጥላ የሚወድ ተክል አመጣሁ፣ ውሃ አጠጣሁ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ልሁንለት?» አለች ለራሷ። ወገቧ ተቆርጧል። ቤት ስትገባ ማብሰል አለ፣ ማጠብ አለ፣ ነገ ደግሞ እዚሁ መመለስ። ሰው የሚወደው ሥራ ይሰለቸዋል? ይሰለቸዋል እንጂ!

አባቷን ወደ ሥራ ቦታዋ ይዛቸው መምጣት የጀመረችው እናቷ ካረፉ ወዲህ ነው፤ ቤት ብቻቸውን ግድግዳ ሲያዩ ከሚውሉ ብላ። እሳቸው ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን የሆስፒታል ኮሪደር ሲጠርጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የወደቀ ነገር ካዩ እጃቸው አያርፍም።

አዲሶቹን ተክሎች ከተከለች ከጥቂት ቀን በኋላ የውሃው ጎማ ስለተቀደደባት ከጓሮ ቀድማ ተመለሰች። አባቷ ጎንበስ ብለው በተክሎቹ መሃል አንድም ቅጠል ሳያስቀሩ እየጠረጉ ነበር። ለካስ እሷ አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ ብላ የምታለብሰውን ቅጠል የሚወስዱት እሳቸው ናቸው! ምስኪኑን ነፋስ ስታማው ከርማለች።

«አባዬ! አንተ ነህ እንዴ የምትገድላቸው?» ብላ ጮኸች። የጮኸው ድካሟ ነው።

«ቆሻሻ መስሎኝ...»

«ቆሻሻ አይደለም፣ ልብሳቸው ነው! ካልለበሱ ሥራቸው ይደርቃል!»

አባቷ መጥረጊያውን ዛፉ ላይ አስደግፈው ወጡ። ማታም እራት አልቀመሱም። ይቅርታ ልትላቸው አስባ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ጣላት።

ጠዋት አልጋቸው ባዶ ነበር። ልቧ ተንጠልጥሎ መሥሪያ ቤት ደረሰች። በሩ ጋ ኃላፊው ያስመጣው የሲሚንቶ ከረጢት ተቆልሏል። አባቷ ከዛፉ ሥር ተንበርክከው፣ ከመጣያው መልሰው ያወጡትን ቅጠል በእጃቸው እየዘገኑ የየተክሉን ሥር ያለብሳሉ።

«እናትሽ ብርድ ልብሱ ከተገፈፈባት አትተኛም ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «እየተነሳሁ አለብሳት ነበር። ይሄ እንዴት ጠፋኝ?»

ስለ ሲሚንቶው ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። አጠገባቸው ተንበረከከች፣ ቅጠል ዘገነችና እሷም ማልበስ ጀመረች።