ሞደም የገባበት ቤት

ከተዳረች ዓመታት ቢያልፉም በዚያ ቤት ስሟ ሙሽሪት እንደሆነ ቀርቷል። ስሙን ያወጡላት አማቷ ናቸው። መጀመሪያ በፍቅር ነበር፤ በኋላ ልማድ ሆነ፤ እሷም ሙሽሪት ስትባል አቤት ማለቱን ለመደችው። ከማግባቷ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ነበረች። ስትተይብ ጣቶቿን ዓይን አይከተላቸውም ይባልላት ነበር።

ባሏ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው። እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለ ጨዋ ነው" ይለዋል። መጀመሪያ ሥራውን "ትንሽ ዕረፊ" ብሎ አስተዋት። ቀጥሎ ገበያ መውጣቱን "ምን ያደክምሻል፣ እኔ አመጣዋለሁ" አላት። ከዚያ በሰፈሩ ሌባ በዛ ተባለና የግቢው በር ከውጭ ይቆለፍ ጀመር። የስልኩ ቁጥር ተቀየረ፤ አዲሱን ከሱቁ ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም። በመጨረሻም በስልኩ መደወያ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጋን ቁልፍ ገባች። ከውጭ ሲደወል ማንሳት ይቻላል፤ ከውስጥ መደወል ግን አይቻልም።

የጠየቀ ሰው ካለ ባሏ አንገቱን ደፋ አድርጎ "ነርቯን ትንሽ ያማታል፤ ሰው ሲበዛባት አይስማማትም" ይላል። ይህን አንድ ቀን በጆሮዋ ሰማችው። ከዚያ ወዲያ ጤነኛ መሆኗን የምታስረዳበት ቃል ጠፋባት። ተቆጥታ ብትናገር ያው ነርቭ ነው፤ ዝም ብትልም ያው ነርቭ ነው።

አማቷ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ማታ ልጃቸው ሲገባ ገና ኮቱን ሳያወልቅ "ማን መጣ? ማን ደወለ?" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይነግሩታል። ስለዚህ ሙሽሪት ከእሳቸው ጋር ከምግብና ከመድኃኒት ሰዓት ያለፈ ወሬ የላትም። ጠባቂዋ እንደሆኑ ነው የምታስባቸው።

ኮምፒውተሩ ወደዚያ ቤት የገባው፣ ዕቃ የሚልኩለት የውጭ ሰዎች "ከእንግዲህ በኢሜይል ካልሆነ አንጻጻፍም" ስላሉት ነው። ሱቅ ውስጥ ሠራተኞቹ እንዳይነካኩት ብሎ ሳሎን አስቀመጠው። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ኢንተርኔቱን የሚያስገባ ቴክኒሻን ይዞ መጣ። ቴክኒሻኑ ረዘም ያለ፣ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ሲሠራ ለብቻው የሚያጉተመትም ሰው ነው። ገና ዕቃውን ሲዘረጋ ከሱቅ ተደወለና የገባው ጭነት ላይ ችግር እንዳለ ተነገረ።

"አሁን መጣሁ" አለ ባልየው። "የጎደለ ነገር ካለ እናቴን ጠይቃቸው። ኢንተርኔቱን ግን ፓስወርድ አድርግበት፤ ቃሉን ስመለስ እኔ ራሴ አስገባለሁ።"

ወጣ። የግቢው በር ቀጭ ሲል ተሰማ።

ቴክኒሻኑ የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈትቶ፣ ከስልክ መስመር የሚያገናኘውን ሞደም ሰካ፤ መልሶ ገጠመና ዲስኮቹን አንድ በአንድ ማስገባት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሳባለች። ሙሽሪት ሻይ አቅርባለት ከጀርባው ቆመች። የሰው እጅ ሥራ ሲሠራ ካየች ቆይታለች። ሶፍትዌሩ ገብቶ ሲያልቅ ሰውየው የስልኩን ገመድ ወደ ግድግዳው ሳበው፤ አልደረሰም።

"ረዘም ያለ ገመድ መኪናዬ ውስጥ አለ" ብሎ ወጣ። ወዲያው ተመለሰ።

"እህቴ፣ በሩ እምቢ አለኝ።"

"ተቆልፎ ነው።"

"ቁልፉስ?"

"እሱ ጋ ነው።"

"ሌላ የለም?"

"የለም።"

"እንግዲህ ታሰርን በሉኛ" ብሎ ሳቀ። የሳቀለት የለም። አማትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ሙሽሪት ባዶውን ብርጭቆ አነሳች። የቴክኒሻኑ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀረና ቀስ ብሎ ጠፋ።

"እሳት ቢነሳስ?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

 ሙሽሪት ራሷን ጠይቃ ጠይቃ፣ ደክሟት የተወችው ጥያቄ ነው።

"በሉ፣ ገመዱ ካልመጣ ጠረጴዛው ይሂድ" አለና አንዱን ጫፍ ያዘ፤ እሷ ሌላውን ያዘች። አማትየው "ምንጣፉን እንዳትቀዱት" እያሉ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አስጠጉት። መስመሩ መኖሩን ለማረጋገጥ ሰውየው የስልኩን እጀታ አንስቶ አዳመጠ፤ ሊደውል ጣቱን ሲሰድ ቁልፏን ነካ። ቀና ብሎ አያት።

"ይሄም እሱ ጋ ነው" አለ፣ ራሱ ጠይቆ ራሱ እንደሚመልስ። እጀታውን መልሶ አስቀመጠና "ግድ የለም፤ ሞደሙ መደወያውን አይፈልገውም። ራሱ ነው የሚደውለው" አለ።

ሙሽሪት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

ሰውየው አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ የስልክ ቁጥር ተንጫጫ፤ ከዚያ ጩኸት፣ ፉጨትና ሹክሹክታ ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው።

"ምን አገኘው? ማን ነው የሚያለቅሰው?" አሉ አማትየው።

"ሁለት ኮምፒውተሮች ሰላም እየተባባሉ ነው፣ እናቴ።"

"ሰላምታቸው እንዲህ ከሆነ ጠባቸው እንዴት ሊሆን ነው።"

መስመሩ ተገናኘ። ቴክኒሻኑ አንድ ሁለት ነገር ከፍቶ ዘጋ። ሙሽሪት ጎንበስ ብላ በጆሮው፣ "ወደ ሰው ስልክስ ይደውላል?" አለችው።

ሰውየው ወደ አሮጊቷ አየ፤ ወደ ስልኩ አየ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች የተደረደሩባት ትንሽ መስኮት ከፈተ።

"ይቺ ከኮምፒውተሩ ጋር አብራ የመጣች ናት" አለ ድምፁን ሳይለውጥ። "ቁጥሩን እዚህ መጻፍ፣ ይህችን መጫን። ደውላ ስትጨርስ እጀታውን አንስቶ ማውራት ነው። ፓስወርዱ ለኢንተርኔቱ እንጂ ለእሷ አይደለም።"

ተጨማሪ ነገር ሊናገር አፉን የከፈተ መሰላት፤ ግን በሩ ቀጭ አለ። ባሏ ገባ፣ ሁለቱንም ፊታችሁን አዙሩ ብሎ ፓስወርዱን አስገባ፣ ቴክኒሻኑን አመስግኖ ሸኘው። ሰውየው ደፉ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "ደህና ዋሉ" ብቻ አለና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ኮምፒውተሩን እየወለወለች አለፈችው። መንገዱ እንዳለ ማወቁ ከቀድሞው የባሰ አስጨነቃት። ቀድሞ አይቻልም ነበር፤ አሁን የያዛት የራሷ ፍርሃት ነው። ደውላ ምን ልትል ነው? አልተመታሁም፣ አልተራብኩም፣ ታዲያ ምን ሆንኩ ልትል ነው? መስኮቱ ጋ የተቀመጡትንስ ሴት ምን ታድርጋቸው?

በአንዱ ቀን አማቷ ከምሳ በኋላ እንደልማዳቸው ራሳቸውን ጣል አድርገው ሲያንቀላፉ፣ ሙሽሪት ኮምፒውተሩን ከፈተች። ትንሿን መስኮት አገኘቻት። እህቷ የምትሠራበትን ፋርማሲ ቁጥር ጣቶቿ አልረሱትም፤ ጻፈችና ተጫነች። የቁጥሩ ጩኸት ሳሎኑን ናጠው። ድምፁን እንዴት እንደሚቀንሱት አታውቅም። እጀታውን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ወሰደችው።

"ፋርማሲ" አለች እህቷ። "ሃሎ? ማን ልበል?"

ድምፅ አልወጣት አለ።  እህቷ ደግማ "ሃሎ" ስትል እጀታውን መልሳ ዘጋችው። ዞር ስትል የአማቷ ዓይን ፈጦ ያያታል። 

"ከማን ጋር ነበርሽ?"

"ከማንም፣ እማማ።"

"ስትዋሺ አንገትሽ ይቀላል።" ሻርፓቸውን አስተካከሉ። "ቁልፉ ሳይከፈት ደወልሽ፤ አይደል?"

"አዎ።"

"ለልጄ ይነግሩብኛል ብለሽ ፈርተሻል።"

ሙሽሪት መሬት መሬት አየች።

"ማን መጣ ማን ደወለ ሲለኝ ባልመልስለት ምን እንደሚያደርገኝ ታውቂያለሽ?" አሉ አሮጊቷ። "ምንም አያደርገኝም። ያኮርፈኛል፤ ጠዋት ማታ በአጠገቤ እያለፈ አያናግረኝም። አንቺ ደግሞ ፈርተሽኝ አታናግሪኝም። የማወራው ከዚህ መጋረጃ ጋር ነው። እሱን ካልመለስኩለት ማን ሊያናግረኝ ነው?"

ሙሽሪት ቀና አለች። በሩ ጠዋት ጠዋት ሲቆለፍ እኚህ ሴትም ከውስጥ እንደሚቀሩ በዓይኗ እያየች፣ ገና ዛሬ ገባት።

"ያ ዕቃ ሌላም ቁጥር ይደውላል?" አሉ አማትየው።

"የፈለጉትን።"

ቁጥሩን ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ወረዱት። የሴት ልጃቸው፣ የሚጣ ቁጥር ነው። ሚጣ ያገባችው የብረት በር የሚሠራ በያጅ ነው። ወንድሟ "ፊቱ በእሳት የጠቆረ ሰው አማቼ ነው ብዬ ለማን እናገራለሁ" ብሎ ከቤቱ ካራቃት ቆየ፤ ለእናቱም "እሷ ራሷ አልመጣም ብላለች" ብሏቸዋል።

ሙሽሪት ደውላ እጀታውን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ሚጣዬ፣ እኔ ነኝ" አሉ። "እናትሽ... የለም፣ አልታመምኩም... ማን ነው እሱን ያለሽ? እኔ አላያትም አልኩ ብሎ ነው የነገረሽ?" ከዚያ ወዲያ እንባቸው እየወረደ "እህ... እህ..." እያሉ ብቻ ሰሙ። ሲጨርሱ እጀታውን ለሙሽሪት መለሱና "አሁን የራስሽን ደውዪ። ቅድም እንደ ሌባ ነው የደወልሽው" አሏት። ሙሽሪት የእህቷን ቁጥር እንደገና ጻፈች፤ በዚህ ጊዜ ድምጿ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ቆልፎ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ሚጣ፣ በያጁ ባሏና የሙሽሪት እህት መጥተዋል። እህቷ በበሩ ስንጥቅ እናትና አባቷ ባወጡላት ስም ጠራቻት። ሙሽሪት ወዲያው አልመለሰችም፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ነበር።

በያጁ ጨዋ ድምፅ አለው። "እማማ" አለ ከውጭ ሆኖ፣ "የሰው በር ሳልታዘዝ አልቆርጥም። ቤቱ የማን ነው?"

"የእኔ ነው። እኔና ባሌ ነን የሠራነው" አሉ አሮጊቷ ከበረንዳው። "ቁረጠው ልጄ።"

የብረት መቁረጫው መብራት ይፈልጋል። ገመዱን በበሩ ሥር አሾልከው ወደ ውስጥ ላኩት፤ ሶኬቱን የሰካችው ሙሽሪት ናት። ብረቱ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። የእሳቱ ብናኝ ግቢ ውስጥ ረገፈ። ሲያበቃ በያጁ አንዱን መዝጊያ ከነማጠፊያው አውልቆ ግንቡ ላይ አስደገፈው። መንገዱ ወለል ብሎ ታየ፤ አንድ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ አልፎ ሄደ።

"በይ ዕቃሽን ያዢና እንሂድ" አለች እህቷ።

"ትቀመጥ" አሉ አማትየው። "እንደ ሌባ አትወጣም። በዓይኑ አይቷት ትወጣለች።"

ባሏ እኩለ ቀን ላይ የመደወል ልማድ አለው። ስልኩ ጮኸ፤ ያነሳው የለም። ደግሞ ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ደረሰ። ወርዶ የተገነጠለውን በር አየ፣ እህቱን አየ፣ በያጁን አየ። ፊቱ ላይ አንዲት የደም ሥር ተገትራለች፤ ድምፁ ግን እንደወትሮው ለስላሳ ነው።

"ሙሽሪት" አለ፣ "ፀሐዩ ይጎዳሻል። ወደ ውስጥ ግቢ።"

እግሯ ሳያማክራት ተራመደ። የበረንዳውን ደረጃ እስክትነካ ድረስ ወደ ውስጥ እየገባች መሆኗን አላወቀችም። እዚያ ቆመች። 

"አልገባም" አለች።

"አሞሻል እኮ።"

"አላመመኝም።"

ወደ እናቱ ዞረ። "እማዬ፣ ምን አስነካችኋት?"

"እኔ እዚሁ ቤቴ ነኝ፤ ሚጣም አብራኝ ናት" አሉ አሮጊቷ። "እሷ ወደ እህቷ ትሄዳለች። አንተ ያለ ቁልፍ መኖር ከቻልክ ግባ፤ ካልቻልክ ሱቁ ላይ ክፍል አለህ።"

ሊመልስ ፈልጎ ጎረቤቱን አየ። ሰው ፊት ደግሞ ጨዋ ነው። መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ሙሽሪት በእህቷ ክንድ ተደግፋ በአጠገቡ አለፈች። ወደ እሱ አላየችም። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ጀርባዋን እንደ በረዶ ቀዝቅዟት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እህቷ ወደ ሥራ ልትወጣ እየተጣደፈች፣ ፀጉሯን እያበጠረች "ዳቦ አልቋል፤ ታች ካለው ዳቦ ቤት ገዝተሽ ቁርስሽን ብዪ" አለቻት።

"ልሂድ?" አለች።

"ሂጂ እንጂ፣ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው" አለች እህቷ ማበጠሪያውን አፏ ላይ ይዛ።

ነጠላ ጫማ ተጫማችና ደረጃውን ወረደች። ዳቦ ቤቱ ፊት ሰልፍ አለ። ከሰዎቹ ኋላ ቆመች፤ ተራው እስኪደርሳት ድረስ ዞር ዞር እያለች መንገዱን አየች።