የሾፌሯ ወገብ

የከተማ አውቶቡስ የምትነዳው ሴት ወገቧን ሲያማት መጀመሪያ የከሰሰችው ወንበሩን ነው። "ቀይሩልኝ!" እያለች የጋራዡን ሰዎች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻቸው። ቢቸግራቸው ቀየሩላት። ህመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀይ መብራት በያዛት ቁጥር ትራሷን ከኋላዋ ታወጣለች፣ መልሳ ትወሽቃለች፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ትላለች።

"ልጄ፣ እሾህ አንጥፈውልሽ ነው እንዴ?" ይሏታል ትኬት ቆራጩ፣ ቀልድ የማያጡት ሽማግሌ።

"ኧረ ጋሼ፣ እሾሁስ እኔው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።"

ቤትም እረፍት የለም። ብትቀመጥ ይቆረጥማታል፣ ብትቆም ወደ ጭኗ ይወርዳል። እራት እንኳ የምትበላው እየተንጎራደደች ነው። ባሏ ፍራሹን መሬት አወረደላት፤ አማቷ "ብርድ ነው" ብለው በቅባት አሿት። ሱሪዋ አልቆለፍ ሲላት ግን አማትየው ቅባቱን አስቀምጠው ሆዷን ሆዷን ያዩ ጀመር።

"ቆይ እስቲ፣ ነገር አለ መሰለኝ" አሉ፣ ፊታቸው ጥርስ ብቻ ሆኖ።

እሷም አፏ ባይናገረውም ልቧ ተቀበለው። ከተጋቡ ወዲህ ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነዋ!

ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዷ ላይ እያንሸራተተች ስክሪኑን ብዙ አየች።

"እርግዝና አይደለም፣ እህቴ። በግራ በኩል፣ እንቁላልሽ የሚፈጠርበት ቦታ ላይ፣ ውሃ የቋጠረ እጢ አለ። ብርቱካን ያክላል። ወገብሽንም የሚያምሽ እሱ ይመስለኛል።"

"ክፉ ነው?"

"አይመስልም። ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ለጊዜው ማስታገሻ እየወሰድሽ እንጠብቀውና ደግመን እናያለን። ድንገት ሰቅዞ ከያዘሽ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ ነይ።"

ጠብቂ መባሉ ከህመሙ ባሰባት። ቀይ መብራት መታገሥ ያቃታት ሴት ይህንን እንዴት አድርጋ ትጠብቅ? ወንበሩንማ ስትሰድበው ይወጣላት ነበር፤ የራስን ሆድ ምን ብለው ይሰድቡታል?

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ግራ ጎኗን አንድ ነገር ጨምድዶ ጠመዘዛት። ዓይኗ ጭልም አለ። እንደምንም ብላ መኪናውን ዳር አስያዘች፣ ፍሬን ያዘች፣ በሩን ከፈተች፤ ከዚያ መሪው ላይ ድፍት አለች።

"ምን ሆነሽ ነው የምትቆሚው? ሥራ አለን እኮ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንተ፣ ዝም በል! ሰው እየሞተብን ነው!" ብለው ትኬት ቆራጩ ጮኹበት። ታክሲ አስቁመው ራሳቸው ይዘዋት በረሩ።

እጢው ዞሮ የደም ሥሩን አንቆት ኖሯል። የዚያኑ ዕለት ቀደው አወጡላት። ሐኪሟ "ሌላው ሁሉ ተርፎልሻል፤ መውለድ አይከለክልሽም" ስትላት፣ ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ሰንበት ብላለች። ወገቧም ቀለል ብሎላታል። ያም ሆኖ ትንሽ ጎተት ባደረጋት ቁጥር እጇ ሮጦ ግራ ጎኗ ላይ ያርፋል።

"አመመሽ እንዴ?" ይላታል ባሏ።

"አላመመኝም" ትለዋለች፣ ከተቀመጠችበት ብድግ እያለች። "አላምነውም እንጂ።"