የሰርቨሩ ሰዓት

ሐሴት ኦይታ ሲቀላ ሰፈር ባለው የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሉን ስትይዝ ስሟ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ ግን ከተማው በወሬ አላመጣት። «ሌሊት ቢሮ ገብታ የተማሪ ውጤት ቀየረች» ተባለ። ወሬ ሲሄድ ይወፍራልና መናኸሪያው ጋ ሲደርስ «ከዘበኛው ከካሱ ጋር ነው ያደረችው» ሆነ። የወንጌላውያን ቤተክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «ነገሩ እስኪጣራ ከመዘምራን ዕረፊ» አሏት። እናቷ በኀፍረት ገበያ መውጣት ተወች።

ማስረጃው የተማሪ ውጤት የሚመዘገብበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ነበር። ውጤቱ በሐሴት ስም የታረመው 03:12 ላይ ነው ይላል። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሎ መሆኑ ነው። እርማቱን ያዘዘውን መምህር ፊርማ ብታሳይም «ታዲያ ደህና ሥራ በሌሊት ይሠራል?» አሏት። በጠዋት ነው ብላ ብትምል ብትገዘት ማን ሰምቷት!

ነገሩን የሚያጣራው ኮሚቴ በሚሰበሰብበት ቀን ዲኑ አቶ ገብረእግዚአብሔር መዝገቡን ከፍታ እንድታዘጋጅ በጠዋት አስጠሯት። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተችና እንደ ልማዷ መጀመሪያ «ዴት» ብላ ማሽኑን ሰዓት ጠየቀችው። ውጭ ፀሐዩ ወጥቶ ባጃጆች ይጯጯኻሉ። ማሽኑ 02:40 ብሎ መለሰላት።

ወዲያው ትዝ አላት። ግንቦት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ ቀኑን ስቶ ነበር። እሷ ከከተማ ውጭ ጫኖ ለቅሶ ላይ ስለነበረች ዲኑ ደወሉላትና ቀን የሚሞላበትን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነገረቻቸው። «ሰዓቱስ?» አሏት። «ከእጅዎ ሰዓት አይተው ይሙሉ» አለች፤ ለቀስተኛው እየጠራት ነበር። የዲኑ ሰዓት ደግሞ እንደማናችንም ሰዓት ጠዋት ሁለትን ሁለት ነው የሚለው። የሀበሻውን ሁለት ለፈረንጁ ማሽን አጎረሱት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ጠዋቱን ሁሉ ሌሊት ሲል ከርሟል።

ዲኑ ሲገቡ ስክሪኑን አሳየቻቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«በይ ዝም ብለሽ አስተካክይው» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው። «እኔ በማስጠንቀቂያ እንዲያልፉሽ አደርጋለሁ።»

«ባላጠፋሁት?»

«ነገር አታክርሪ፣ ልጄ። እኔም ስም አለኝ።»

እሳቸውም ስም አላቸው! የእሷ ስም የባጃጅ ተሳፋሪ ሲያላምጠው ይክረም፣ የእሳቸው እንዳይነካ በአንዲት የትእዛዝ መስመር ማስረጃው ይጥፋ። አሁን ሰዓቱን ካስተካከለች ምን ይዛ ትሟገታለች? እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች።

«አልነካውም» አለች።

ኮሚቴው ገባ። ሰብሳቢዋ ጡረተኛዋ መምህርት ወይዘሮ አሰፋሽ ነበሩ። ሐሴት በፊታቸው «ዴት» ብላ ጻፈች።

«ይኸው፣ አሁን ሌሊት ነው ይላል። እኔም የሠራሁት በዚሁ ሌሊት ነው።»

አሰፋሽ በመስኮት ፀሐዩን አዩ፤ ስክሪኑን አዩ። «ማን ነው ይህን የሞላው?»

ዲኑ «መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ...» ብለው ጀመሩ።

«መብራት ሰዓት አይሞላም!» ጮኸች ሐሴት። «ትእዛዙን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የሞሉት እሳቸው ናቸው። ይካዱኝ!»

አልካዱም። አንገታቸውን ደፉ።

«በቃ፣ ነፃ ነሽ» አሉ አሰፋሽ። «የቴክኒክ ችግር ነበር ብለን እንጽፋለን።»

«አይሆንም፣ እትዬ። የሰው ስም ነው የጠፋው። ወሬው የደረሰበት ድረስ ሄደው፣ እሁድ በጉባኤያችን ፊት ቆመው በአፋቸው ይናገሩ።»

ዲኑ ቀና አሉ። «እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ! የእናንተ ጸሎት ቤት ምን አገባኝ?»

«ስሜን ስታነሡ ሃይማኖቴን ጠይቃችሁ ነበር?»

አሰፋሽ ዲኑን አይተው «ትሄዳለህ፣ ገብረእግዚአብሔር» አሉ። «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ ሐሴት ዞረው «አንቺም እንግዲህ ሰዓቱን አስተካክይልን» አሉ።

ሐሴት ስክሪኑን አጠፋችው።

«ሰኞ» አለች። «እሁድን ካየሁ በኋላ።»