ስድስት ነጥብ አንድ ዲግሪ

ሎክ ዪውን አልወዳትም ነበር፤ ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። በአንድ ዓመት ሦስት ቴርሞሜትር ሰብራ፣ አንዱንም እንኳ "ሰበርኩ" ያላለች ልጅ ናት። ሁሌም "ተሰበረ" ነው የምትለው፣ ራሱ ዘሎ የወደቀ ይመስል። እኔ ኩን ቶንግ በሚባል ሠፈር ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላብ፣ ማለትም የቤተ ሙከራ፣ ሠራተኛ ነኝ። ስሜ ሱክ ፋን ነው፣ ልጆቹ እትዬ ፋን ይሉኛል። ዕቃ አዘጋጃለሁ፣ አጥባለሁ፣ እቆጣለሁ። ውሌ የሚታደሰው በየዓመቱ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ከሁለታችን የላብ ሠራተኞች አንዳችን እንደምንቀነስ ርዕሰ መምህርቷ ነግረውናል። ሌላኛዋ ወጣት ናት፣ ኮምፒውተርም ታውቃለች። ስለዚህ አንዲት ጥፋት እንኳ ብትገኝብኝ አለቀልኝ ማለት ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውሃ በፎም ኩባያ ይቀዳል፣ የዚንክ ዱቄት ይጨመርበታል። ዚንኩ የመዳቡን ቦታ ይወስዳል፣ መዳቡ ቀይ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ውሃውም ይሞቃል። ስንት ዲግሪ እንደጨመረ ተለክቶ የወጣው ሙቀት ይሰላል። ይኸው ነው። ማርኩ ግን ከማጠቃለያው ፈተና ጋር ስለሚደመር ልጆቹ የሞት ሽረት ያደርጉታል። ከትምህርት በኋላ የሚሄዱበት የማጠናከሪያ ቤት ደግሞ ገና ሳይለኩ መልሱን ይነግራቸዋል፤ አስር ዲግሪ አካባቢ ካልመጣላችሁ ተሳስታችኋል ይላቸዋል። ሎክ ዪውም እዚያው ትሄዳለች። ግን ትተኛለች አሉ።

የሙከራው ቀን ሃያ ተማሪዎች ለኩ። አስራ ዘጠኙ ዘጠኝ ተኩል፣ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት፣ አስር እያሉ ጻፉ። ሎክ ዪው ስድስት ነጥብ አንድ መጣላት። ደገመችው፣ ያው ስድስት። ለሦስተኛ ጊዜ ዚንክ ስትጠይቀኝ፣ የመጣው ለሃያ ሰው እንጂ ላንቺ ብቻ አይደለም ብዬ አባረርኳት። የኩባያውን ክዳን ረስተሽ ይሆናላ፣ ምን አዲስ ነገር አለው፣ አልኳት። የኬሚስትሪ መምህራቸው ቱንግ ግን ደግ ሰው ስለሆነ ሳቅ ብሎ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጣት። ወረቀትሽን ከጓደኞችሽ ጋር አስተያይተሽ አስተካክዪው አላት።

ሐሙስ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ሳጸዳ በሩ ላይ የለጠፍኳትን ብጣሽ ወረቀት አየኋት። "ለአንድ ሊትር 32 ግራም" ትላለች። ይኼ መጠን አምና ለጨረስነው ነጭ ደረቅ የመዳብ ሰልፌት ዱቄት ነበር። ዘንድሮ የመዘንኩት ግን ሰማያዊውን ጨው ነው፤ እሱ ውሃ በውስጡ ስላለ ሃምሳ ግራም ያስፈልገው ነበር። አስራ ስምንት ዓመት ስመዝን ኖሬ! የተረፈውን ውሃ በኩባያ ቀድቼ ዚንክ ጨመርኩበትና ለካሁ። ስድስት ነጥብ ሁለት።

ልጅቷ ልክ ነበረች። አስራ ዘጠኙስ አስርን ከየት አመጡት? ከማጠናከሪያ ቤታቸው ነዋ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ልጅቷ አይደለም፣ ስለ ውሌ ነው። ማንም አያውቅም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ብጣሿን ቀድጄ ጣልኩና ዝም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላብ ውስጥ ሩዜን እየበላሁ ሳለ ሎክ ዪው ወረቀቷንና ላጲሷን ይዛ ገባች። አጠገቤ ተቀመጠች። ስድስት ነጥብ አንድን አጥፍታው ቦታው ግራጫ ሆኗል።

"እትዬ ፋን፣ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ይሻላል ወይስ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት?"

ያቺ በሁሉ ነገር የምትከራከረኝ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው የጠየቀችኝ። አፈርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

"አንቺ የለካሽው ስንት ነው?"

"ስድስት ነጥብ አንድ። ግን እሱ ስህተት ነው።"

"ስህተቱ የኔ ነው። ውሃውን አቅጥኜዋለሁ። መልሰሽ ጻፊው።"

የተረፈውን ውሃ ይዤ መምህራን ክፍል ሄድኩ። መምህር ቱንግ ሰምቶኝ ሲያበቃ ላብ ድረስ ተከትሎኝ መጣና ራሱ ለካ። ስድስት ነጥብ አንድ። ከዚያ አስራ ዘጠኙን ወረቀቶች ቆሞ አንድ በአንድ ገለጣቸው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። እነዚህን ልጆች ሁለት ዓመት አስተምሯቸዋል።

ጉዳዩ ርዕሰ መምህርቷ ዘንድ ሄደ። ሙከራው ሊደገም ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ መጻፍ አለበት። ወይ አስራ ዘጠኝ ልጆች ያልለኩትን ጻፉ ይባላል፣ ወይ የላብ ሠራተኛዋ ተሳስታ መዘነች ይባላል። ሁለተኛው ተጻፈ። ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ፣ አንድም የውሸት ቃል የለበትም። የሃያውም ውጤት ተሰረዘ፣ የሎክ ዪውም ጭምር። እኔ ከነሐሴ በኋላ እንደማልመለስ ተነገረኝ። መምህር ቱንግ ተከራክሬልሽ ነበር አለኝ። ተከራክሮም ይሆናል፤ ግን ሲነግረኝ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

ማክሰኞ ተደገመ። ሃምሳ ግራም ሁለት ጊዜ መዘንኩ፣ መምህር ቱንግ አጠገቤ ቆሞ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ውሃው ገና ሳይቀዳ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አየሁት። በዚህኛው ልክ ሆነለት። ተቃጠልኩ፣ ግን ምን እላለሁ፣ ምክንያቱ ተጽፎ አልቋል። ሎክ ዪው ዘጠኝ ነጥብ ሦስት መጣላት፣ ያንኑ ጻፈች።

ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረች።

"ያ ስድስቱ ልክ ነበር አይደል?"

"ልክ ነበር።"

"ታዲያ የኔን ለምን ሰረዙት?"

ያንቺን ልክ ነው ካሉ የአስራ ዘጠኙን ውሸት ነው ማለት ሊኖርባቸው ነው አልኳት። የገባት መሰለኝ። ስለ ነሐሴውም ሰምታ ነበር፤ በትምህርት ቤት ምን ይደበቃል።

"እርስዎ ዝም ቢሉ ኖሮስ?"

"ሥራዬ ላይ እቆይ ነበር።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ጽፈሽ ማርክሽን ታገኚ ነበር።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።