ስህተት የማይጨምረው ቁጥር

የሬዲዮ ጣቢያው ቴክኒሻን ደውሎ ያለው ይህን ብቻ ነበር፤ «ሰሞኑን የላካችሁልን ኮይሎች ከድሮዎቹም በለጡብኝ። እስቲ አንዱን ራስዎ በጥንቃቄ ይለኩትና ቁጥሩን ይንገሩኝ።» አባትየው «ደስ ይለኛል» ብለው ስልኩን ሲዘጉ፣ አጠገባቸው የነበረችው ልጃቸው ፈጥና «እኔ ልለካልዎት» አለች።

በዚያ ቤት ኮይሉን፣ ማለትም ለሬዲዮ ማሰራጫ የሚሆነውን የሽቦ ጥቅልል፣ አባት ይጠቀልላሉ፣ ልጅ ትለካለች። የምትለካው ኪው የሚባለውን ቁጥር ነው፤ ኮይሉ የገባበትን ጉልበት ምን ያህል ሳያባክን እንደሚይዝ የሚናገር ቁጥር። ጣቢያው ከሁለት መቶ በታች አይቀበልም። ሽቦው ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች የተገመዱበት ስለሆነ፣ ጫፉ ሲላጥ ጥቂቶቹ ከተበጠሱ ኮይሉ አለቀለት። የአባቷ እጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከርሟል።

ሥራቸው ከሁለት መቶ በታች መውረዱን ልትነግራቸው አንጀቷ አልቻለም። እሳቸው ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ራሷ ሌላ ትጠቀልልና እሳቸው የጠቀለሉትን መሳቢያ ውስጥ ትደብቃለች። ሲነሱ «ሁለት መቶ አስር፣ እንደ ድሮው» ትላቸዋለች። ብልጥ መሆኗ ነው! የራሷን ኮይል ግን አንድም ቀን በወጉ ለክታው አታውቅም። የመለኪያው ቀስት ሁለት መቶን ማለፉን ካየች ይበቃታል፤ የምትናገረው ቁጥር እንደሆነ ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

አባቷ መነጽራቸውን ወልውለው ተቀመጡና ለጣቢያው ከተዘጋጁት ኮይሎች አንዱን መለኪያው ላይ አገናኙ። ቀስቱ ሁለት መቶ አርባ ላይ ቆመ።

«ይሄ መለኪያ አብዷል እንዴ?» አሉና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መቀስ አነሱ። ቀስቱ ከፍ አለ። የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁ፣ ማገናኛ ሽቦዎቹን አሳጠሩ፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። ሰውየው ቁጥሩን ለማውረድ በተጠነቀቁ መጠን ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣባቸዋል።

«ይተዉት አባባ፣ የሆነ ስህተት ይሆናል።»

«የምን ስህተት? ብረት ቢጠጋው ይቀንሳል። እጅ ቢጠጋው ይቀንሳል። ሽቦው ቢረዝም ይቀንሳል። እዚህ ሥራ ላይ ስህተት ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አይቼ አላውቅም።» ኮይሉን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔ በጉልምስናዬም ሁለት መቶ ሃምሳ ጠቅልዬ አላውቅም። ማነው የሠራው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት» አለች።

«የኔን የት አደረግሽው? አምጪው።»

ከመሳቢያው አውጥታ ሰጠቻቸው። ራሳቸው አገናኙት። «መቶ ሠላሳ ስምንት» ብለው የባዕድ ሥራ እንደሚያነብ ሰው ጮክ ብለው አነበቡ።

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እጄማ እንደከዳኝ አውቃለሁ፤ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ካቃተኝ ቆየ። ግን ሁለት መቶ አስር ስትዪኝ፣ ‹እጄ ቢንቀጠቀጥም ሥራዬ አልሞተም› እያልኩ እጽናና ነበር። አንቺን አምኜ!»

ከፋቸው፤ በጣም ከፋቸው። እሷም አለቀሰች። አባቷ አላባበሏትም። ስልኩን አንስተው ቴክኒሻኑ ዘንድ ደወሉ፦ «ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ነው። አዎ፣ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። የለም፣ የኔ አይደለም፤ የልጄ ሥራ ነው።»

ከዚያ ሽቦውን አቀበሏትና መለኪያው ዘንድ ተመልሰው ተቀመጡ። «በይ፣ እያየሁሽ ጠቅልዪ።»

እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ጀመረች። አባቷ እያዩዋት ጠቅልላ ስለማታውቅ ጣቷ እምቢ አላት። ስትጨርስ ተቀብለዋት ለኩት።

«መቶ ዘጠና አንድ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። «ለጀማሪ ትንሽ እንኳ አይጨምሩልኝም?»

«እኔ የሌለ ቁጥር አልናገርም» አሉ፣ ሳይስቁ። «ፍቺውና እንደገና ጀምሪ።»

ልጅቱ ኮይሉን ተቀብላ መፍታት ጀመረች።