ጆንያው እግር አለው

«ይቺን ለኔ ነው የላከችልኝ» አሉ ሐጂ ጀማሉዲን፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ሥዕል ሰሌኑ ላይ ለተቀመጡት ለቀስተኞች ከፍ አድርገው እያሳዩ። «ጆንያ የተሸከመው እኔ ነኝ። ነጋዴነቴን አልረሳችም፣ አላህ ይዘንላት።»

የሱፍ ቀና ብሎ አላየም። እህቱ ኡሙሰልማ ኮምቦልቻ ላይ በወባ ሞታ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሰኞ ገበያ ያለው ቤቱ የሷ ሥዕል መታያ ሆኗል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው የላከችለትን አንድ ይዞ መጣ፤ የኩታበሯ አክስቱም ይዛ መጣች። ሁሉንም ኡሙሰልማ ጥላሸት በሙጫ በጥብጣ፣ ከምትሠራበት ፋብሪካ የተጣለ ክር ለጥፋ፣ በሲጋራ ካርቶን ላይ የሠራችው ነው። ፊቱ ላይ አንድ ፊደል የለም። ጀርባው ላይ አድራሻ ጽፋ፣ ቴምብር ለጥፋ በፖስታ ትልከው ነበር።

ጥላሸት መበጥበጥን ያስተማራት ከሱ ሌላ ማን ሆነና! ለሱ ግን አንድም አልደረሰው። አብዮቱ እሱን ከትምህርት ገበታ ሲያስነሳው እሷ ደመወዝተኛ ሆነች፤ «ናቀችኝ» ብሎ ያዘ። ኮምቦልቻ ቁልቁል እዚሁ ነው። «እስክትልክልኝ አልወርድም» እንዳለ ቀረ።

የፋብሪካ ጓደኛዋ ሐዋ ጠጋ አለችው።

«የሱፍ፣ ልብህ ግን ምንድን ነው? ከሁሉ አብዝታ የላከችው ላንተ ነው። ‹መልስ ቢነፍገኝም ሥዕሉን ያያል› ትል ነበር።»

«ለኔ? በየት በኩል?»

«በሐጂ የፖስታ ሳጥን ነዋ። አንተ ሳጥን አለህ እንዴ?»

ሐጂ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ከሳጥኔ የወጣ የኔ መሰለኝ» አሉ። «ጀርባውን ምን ብዬ አያለሁ? በዱቄት ሙጫ ለጥፌ ፒያሳ ሱቄ ሰቀልኩት።»

«ከመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትዎ ጎን» አለ ልብስ ሰፊው። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ሌሎቹስ?» አለ የሱፍ።

«ያምራል ላለኝ ደንበኛ ሰጠሁት።»

የሱፍ ካርቶኑን ተቀበላቸው። ጨው ሊገዛ ሱቃቸው ሲገባ ስንቴ አይቶት በቅናት ፊቱን አዙሯል። አሁን ቀርቦ ሲያየው፣ ከጆንያው ሥር ሁለት ትናንሽ እግሮች ተንጠልጥለዋል። ከታች ሰማያዊ ክር ይፈስሳል።

ያኔ በልጅነታቸው የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ነበር። ትከሻው ላይ አውጥቷት፣ ሁለት ጆሮውን ይዛ፣ «ብትጥለኝ ለእማ እነግራለሁ» እያለችው ነበር የተሻገሩት።

«ጆንያ እግር አለው እንዴ፣ ሐጂ?»

ሐጂ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

የሱፍ ከእጅ መታጠቢያው ማንቆርቆሪያ ውሃ እያስነካ ሥዕሉን ከካርቶኑ ላጠው። ጀርባው ላይ የሷ ጽሕፈት አለ፦ «በሐጂ ጀማሉዲን በኩል፣ ለወንድሜ ለየሱፍ ይድረስ።»

ሼሁ ዱዓ ጀመሩ። መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ። የሱፍም ሥዕሉን ጭኑ ላይ አኑሮ ዘረጋ፤ ጥላሸቱ በውሃው ለቅቆ መዳፉን አጥቁሮታል። «አሚን» ሲባል እንደ ሰዉ ሁሉ ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ አበሰ።

«ፊትህ ጥላሸት ሆነ እኮ፣ ወንድሜ» አለች ሐዋ፣ ማንቆርቆሪያውን እያቀረበችለት።

ተቀበላትና ፊቱን ሳይታጠብ ከሰሌኑ ማዶ አርቆ አኖረው።